መንገድ የሌላቸው ገጾች፤ እንዴት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚቃኑ

ለንግድ ሥራ መሳካት የዕቃው ጥራትና የዋጋው ልክ ብቻቸውን እንደማይበቁ ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። ዕቃው ገዢው ሊደርስበት በሚችል ቦታ መቀመጥ፣ ወደዚያም ቦታ የሚያደርሰው መንገድ መታወቅ አለበት። በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ፈላጊው ወደ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ፈላጊው ወደ በርበሬ ተራ ሳይቸገር የሚደርሰው፣ ተራዎቹ በስም የታወቁ ከመሆናቸውም በላይ፣ ከአንዱ ሱቅ የፈለገውን ያጣውን ገዢ ሌላው ባለሱቅ በጣቱ እያመለከተ ስለሚመራው ነው። ከተራው ወጥቶ፣ ማንም በማያልፍበት ጓሮ ያለ ምልክት የተከፈተ ሱቅ ግን፣ መደርደሪያው በዕቃ የተሞላ ቢሆንም ደንበኛ አያገኝም።

በዛሬው ጊዜ አስመጪውም ሆነ ላኪው ዕቃውን ለሩቅ ገዢ የሚያሳይበት አንዱ ሱቅ ድረ ገጹ ነው። በዚህም ሱቅ ውስጥ እንደዚሁ ያለ ጓሮ ሊኖር ይችላል። ድረ ገጽ የብዙ ገጾች ስብስብ እንደ መሆኑ መጠን፣ እንግዳው ከፊተኛው ገጽ ተነሥቶ ወደ ዕቃዎች ዝርዝር፣ ከዝርዝሩም ወደ አንዱ ዕቃ የሚያልፈው በየገጹ ላይ በተቀመጠውና በተለምዶ ሊንክ በሚባለው አገናኝ አማካይነት ነው። አንድ ገጽ ጽሑፉ ተሟልቶ፣ ፎቶግራፉ ገብቶ ሳለ፣ ከዚያው ድረ ገጽ ውስጥ ወደ እርሱ የሚያመለክት አንድም አገናኝ ከሌለ፣ ባለሙያዎች «ወላጅ አልባ ገጽ» ይሉታል። ገጹ አለ፤ አድራሻውን አስቀድሞ የያዘ ሰው ይከፍተዋል፤ ነገር ግን በፊተኛው በር የገባ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አያገኘውም።

ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው

የመጀመሪያው ጉዳት ገዢ ማጣት ነው። የሩቅ አገር ገዢ ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው እንደ ጉግል ካሉት የፍለጋ አገልግሎቶች ነው። እነዚህ አገልግሎቶች አዳዲስ ገጾችን በአብዛኛው የሚያገኙት፣ ከገጽ ወደ ገጽ አገናኙን እየተከተለ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እንደ መንገደኛ ነው፤ መንገድ ካለ ይደርሳል፣ መንገድ ከሌለ ይቀራል። ከዚህም ሌላ፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ ይዘው የተነሡት ዋና ሐሳብ፣ የአንድ ገጽ ክብደት ወደ እርሱ በሚያመለክቱት ሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት ሊመዘን ይችላል የሚል ነበር። ዛሬ መመዘኛዎቹ እጅግ የበዙ ቢሆኑም፣ አገናኝ ከመመዘኛነት አልወጣም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ከሌሎቹ ገጾቹ በአንዱ እንኳ ያልጠቆመውን ገጽ፣ ፕሮግራሙ በሌላ መንገድ ቢደርስበትም ዋጋ ያለው አድርጎ የሚቆጥርበት ምክንያት ያንሰዋል። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ ባለቤቱ የሚጨነቅለት ገጽ ሁሉ ከዚያው ድረ ገጽ ቢያንስ ከአንድ ሌላ ገጽ አገናኝ ሊኖረው እንደሚገባ ያሳስባል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዕቃም ይሠራል።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። መንገድ የሌለው ገጽ ከባለቤቱ ዓይን ይሰወራል እንጂ ከሰው ሁሉ ዓይን አይሰወርም። ከዓመታት በፊት አድራሻውን ያስቀመጠ ደንበኛ፣ በሌላ ድርጅት ገጽ ላይ የቀረ ጥቆማ፣ ወይም የፍለጋ አገልግሎቱ የቀድሞ መዝገብ እንግዳውን በቀጥታ ወደዚያ ሊያደርሰው ይችላል። በዚያም የሚጠብቀው ያለፈው ዘመን ዋጋ፣ የተለወጠ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ጊዜው ያለፈበት የጥራት ምስክር ወረቀት፣ ወይም ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ ስልክ ይሆናል። ባለቤቱ የረሳው ገጽ በገዢው ዘንድ የድርጅቱ ቃል ሆኖ ይቆጠራል። በአሮጌው ዋጋ ሊዋዋል የመጣውን ገዢ «ያ ገጽ የተረሳ ነው» ብሎ መመለስ፣ የአንድ ሽያጭ ሳይሆን የአመኔታ ጉዳይ ነው።

ችግሩ የትናንሽ ድርጅቶች ብቻ አይደለም

ይህ ጉድለት በትልልቆቹም ዘንድ መኖሩን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተውን ዊኪፔዲያን መመልከት ይበቃል። አማርኛን ጨምሮ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የሚዘጋጀው ይህ መዝገበ ዕውቀት፣ ከየትኛውም ሌላ ጽሑፍ የማይጠቆሙትን ገጾች ለይቶ የሚዘረዝር ልዩ መሣሪያ በውስጡ አለው። ይህም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 319 የቋንቋ ክፍሎችን መርምሮ፣ ከጽሑፎቹ ሁሉ 15 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 8.8 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ከሌላ ጽሑፍ የሚያደርስ አገናኝ የሌላቸው መሆናቸውን አስታውቋል። ያው ጥናት፣ አገናኝ የተጨመረላቸው ጽሑፎች ከቀድሞው ይልቅ በብዙ ሰው እንደተከፈቱም አረጋግጧል።

ብዙ አዘጋጅና ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው በሚጠብቀው የንግድ ድረ ገጽ ላይ ይኸው ጉድለት ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደስተው ነገር ግን፣ የዊኪፔዲያው ጥናት እንዳመለከተው፣ መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው፤ ይኸውም መንገዱን መክፈት ነው።

ምክንያቱ ከየት ይመጣል

ገጾች መንገዳቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በክፋት ወይም በስንፍና ሳይሆን፣ ድረ ገጹ ሲያድግና ሲለወጥ ነው። ከሁሉ የበዛው ምክንያት እድሳት ነው። ድርጅቱ አዲስ ባለሙያ ቀጥሮ የድረ ገጹን መልክ ሲያስለውጥ፣ የፊተኛው ገጽ ማውጫ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ በቀድሞው ማውጫ ላይ የነበሩት ገጾች ግን ሳይፈርሱ እንደ ቆሙ ይቀራሉ።

ሁለተኛው የወቅት ዕቃ ነው። የአንድ ዓመት ምርት ሲያልቅ ሠራተኛው ዕቃውን ከዝርዝሩ ያነሣል እንጂ ገጹን አያጠፋም፤ አዲሱ ምርት ሲደርስ ደግሞ ወደ ዝርዝሩ መመለሱ ይዘነጋል። ሦስተኛው፣ ለአንድ የንግድ ትርዒት ወይም ለአንድ ማስታወቂያ ተብሎ የሚዘጋጅ ገጽ ነው፤ አድራሻው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይሠራጫል፣ ትርዒቱ ሲያልፍ ገጹ ብቻውን ይቀራል። አራተኛው በልዩ ልዩ ቋንቋ መጻፍ ነው። እንግሊዝኛው ገጽ በማውጫው ላይ ሲገባ፣ የአማርኛው ወይም የዐረብኛው ትርጉም ያለ አገናኝ ይቀመጣል። አምስተኛው፣ ዕቃው የሚገኘው በመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ስሙን በመጻፍ ብቻ ሲሆን ነው፤ የፍለጋ አገልግሎቱ ፕሮግራም በሣጥኑ ውስጥ የዕቃ ስም እየጻፈ ይፈልጋል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

የቆጠራው ዘዴ

እንግዲህ የተሰወረውን ገጽ ማግኘት ለነጋዴ እንግዳ ሥራ አይደለም። በመጋዘን የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ፣ በቢን ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥር በመደርደሪያው ላይ ከተገኘው ዕቃ ጋር ይመሳከራል፤ ልዩነት ከተገኘም ምክንያቱ ይጣራል። የድረ ገጽ ቆጠራም እንዲሁ የሁለት ዝርዝሮች ማመሳከር ነው።

የመጀመሪያው ዝርዝር፣ በድረ ገጹ ውስጥ በእርግጥ ያሉትን ገጾች ሁሉ የያዘ ነው። ይህም ከአንድ ምንጭ ብቻ ሊሟላ አይችልም። ድረ ገጹ እንደ ዎርድፕረስ ባለ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ፣ የታተሙት ገጾች ዝርዝር ከዚያ ይወሰዳል። ሳይትማፕ ከሚባለው የአድራሻዎች ፋይል ደግሞ ተጨማሪ ይገኛል። ጉግል ሰርች ኮንሶል በነጻ የሚሰጠው መግለጫ ጉግል የሚያውቃቸውን አድራሻዎች ያሳያል። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር የጎብኚዎች መዝገብ ደግሞ ባለቤቱ የረሳቸውን፣ ሌሎች ግን የሚከፍቷቸውን ገጾች ስለሚያጋልጥ እጅግ ይጠቅማል። እነዚህ ሁሉ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ይሰበሰባሉ።

ሁለተኛው ዝርዝር፣ አንድ እንግዳ ከፊተኛው ገጽ ተነሥቶ አገናኞችን በመከተል ብቻ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ገጾች የያዘ ነው። ድረ ገጹ ትንሽ ከሆነ ይህን ሥራ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን በእጁ ሊሠራው ይችላል። ሰፊ ከሆነ ግን ለዚሁ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለምሳሌ ስክሪሚንግ ፍሮግ የተባለው እስከ 500 አድራሻ ድረስ ያለ ክፍያ ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ከፊተኛው ገጽ ብቻ እንዲነሣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሳይትማፑ ዝርዝር አስቀድሞ ከተሰጠው ሁለቱ ዝርዝሮች ይቀላቀላሉና ቆጠራው ዋጋ ያጣል።

ከማመሳከሩ በፊት አድራሻዎቹ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስተካከል አለባቸው። አንዱ አድራሻ በመጨረሻው እዝባር ሲኖረው ሌላው ባይኖረው፣ ያው አንዱ ገጽ ሁለት መስሎ ይታያል፤ ይህም አንድ ደንበኛ በሒሳብ መዝገብ ላይ በሁለት ስም እንደ መጻፍ ያለ ስሕተት ነው። ከዚህ በኋላ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ኖሮ በሁለተኛው ላይ የሌለ አድራሻ ሁሉ መንገድ የሌለው ገጽ ነው። በሁለተኛው ላይ ኖሮ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ቢገኝ ደግሞ፣ ወይ የመጀመሪያው ዝርዝር አልተሟላም፣ ወይም አገናኙ ወደ ፈረሰ ገጽ ያመለክታልና ሁለቱም ይጣራሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። እርስ በርሳቸው የሚጠቋቆሙ፣ ነገር ግን ከፊተኛው ገጽ ማንም የማይደርስባቸው የገጾች ቡድን ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ አገናኝ ስላለው፣ አገናኝን በመቁጠር ብቻ የሚሠራ ምርመራ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «አገናኝ አለው ወይ?» ሳይሆን «ከፊተኛው በር ይደረስበታል ወይ?» የሚለው ነው።

ለእያንዳንዱ ገጽ ፍርድ መስጠት

የተገኙትን ገጾች ሁሉ በአንድነት ወደ ማውጫው መመለስ ግን ትክክለኛ መፍትሔ አይደለም። የመጋዘን ቆጠራ ያጋለጠው ዕቃ ሁሉ ወደ መሸጫ እንደማይወጣ፣ ይህም በየዓይነቱ ሊፈረድበት ይገባል። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ላኪ በምሳሌነት ይወሰድ። በመጀመሪያው ዝርዝር 64 ገጾች፣ በሁለተኛው 51 ገጾች ቢገኙ፣ ልዩነቱ 13 ነው እንበል። ከእነዚህም 4ቱ የዕቃ ገጾች፣ 3ቱ የዐረብኛ ትርጉሞች፣ 3ቱ ያለፉ ዓመታት የዋጋ ዝርዝሮች፣ 2ቱ የንግድ ትርዒት ማስታወቂያዎች፣ 1ዱ ደግሞ የዋጋ ጥያቄ ለላከ ሰው የሚታይ የምስጋና ገጽ ይሁኑ።

አራቱ የዕቃ ገጾች፣ ማለትም በፀሐይ የደረቀ የጉጂ ቡና፣ የታጠበ የሊሙ ቡና፣ ነጭ ቦሎቄና ማሾ፣ ዛሬም የሚሸጡ ከሆነ መንገድ ይከፈትላቸዋል። ቡናዎቹ ከቡና ዝርዝር፣ ጥራጥሬዎቹ ከጥራጥሬ ዝርዝር አገናኝ ያገኛሉ። በዚህ ሳይወሰን፣ የይርጋጨፌን ቡና የሚገልጸው ገጽ ወደ ጉጂው ቢያመለክት፣ ገዢው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጥበቃ ደንብ ቡናን ከሚመለከታቸው ምርቶች መካከል ስለቆጠረና ምርቱ ስለበቀለበት ቦታ መረጃ ስለሚጠይቅ፣ ስለ ቡናው መገኛ የሚናገር ገጽ ካለ ከእያንዳንዱ የቡና ገጽ ሊጠቆም ይገባዋል።

ሦስቱ የዐረብኛ ገጾች ለሳዑዲ ዐረቢያና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገዢዎች የተጻፉ ናቸውና፣ እያንዳንዱ ከእንግሊዝኛው ወይም ከአማርኛው አቻው ጋር በቋንቋ መምረጫ ይያያዛል። አንባቢውን ወደ ዐረብኛው ፊተኛ ገጽ ብቻ መላክ አይበቃም፤ የሚያነበውን ዕቃ በቋንቋው ወዲያው ማግኘት አለበት።

ሦስቱ የዋጋ ዝርዝሮች ግን መንገድ ሊከፈትላቸው ቀርቶ ሊቆዩም አይገባም። የዛሬውን ዋጋ መጠየቂያ የያዘ ገጽ ካለ፣ አሮጌዎቹ አድራሻዎች በቁጥር 301 በሚታወቀው የቋሚ ዝውውር ትእዛዝ ወደዚያ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ የቀድሞውን አድራሻ የያዘ ደንበኛም ከአሮጌው ዋጋ ይልቅ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይደርሳል። ምትክ የሌለው ገጽ ከሆነ ጨርሶ ይነሣል፤ ሰርቨሩም 404 ወይም 410 የሚለውን መልስ ይስጥ። ምትክ የሌለውን ገጽ ሁሉ በጅምላ ወደ ፊተኛው ገጽ ማዛወር ግን ገዢውን ያደናግራል እንጂ አይጠቅምም።

ሁለቱ የትርዒት ገጾች በውስጣቸው ጠቃሚ ነገር ካለ፣ እርሱ ወደ ድርጅቱ ታሪክ ወይም ዜና ገጽ ተጨምሮ፣ አድራሻቸው ወደዚያው ይዛወራል። የምስጋናው ገጽ ግን በተፈጥሮው ከማውጫው ውጭ ሊሆን የሚገባው ነው፤ ለእርሱ «በፍለጋ መዝገብ አታስገቡ» የሚል ትእዛዝ ይበቃዋል።

አገናኙ በምን ቃል ይጻፍ

መንገዱ ሲከፈት ምልክቱም ሊነበብ ይገባዋል። በብዙ ድረ ገጾች ላይ አገናኙ «እዚህ ይጫኑ» ወይም «ተጨማሪ» በሚል ቃል ብቻ ተጽፎ ይታያል። ይህ ለገዢውም ሆነ ለፍለጋው ፕሮግራም በስተኋላው ያለውን አይነግርም። «የታጠበ የሊሙ ቡና» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሁለቱም የሚሄዱበትን ያውቃሉ። አገናኙ በመደበኛው የአገናኝ ትእዛዝ መሠራቱም መረጋገጥ አለበት፤ በልዩ ፕሮግራም ብቻ የሚንቀሳቀስ ቁልፍ ለሰው ዓይን ቢሠራም፣ የፍለጋው ፕሮግራም ላይከተለው ይችላል።

የተረሱትን ሁሉ በየገጹ ግርጌ በአንድ ረጅም ዝርዝር መደርደርም አይመከርም። ምርጡ ቦታ፣ ስለዚያው ወይም ስለሚመስለው ዕቃ የሚናገርና ብዙ ጎብኚ ያለው ገጽ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች

አንደኛው፣ «አድራሻው በሳይትማፕ ውስጥ ስላለ ይበቃል» የሚለው ነው። ጉግል ይህን የአሠራር ስልት እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሲሆን፣ አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ሊይዝ ይችላል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሆኖም አድራሻውን ያስታውቃል እንጂ ገጹ ከሌሎቹ ጋር ያለውን ዝምድና አይናገርም፣ መመዝገቡንም ዋስ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ድረ ገጹን የሚጎበኘው ገዢ ሳይትማፑን አያነበውም።

ሁለተኛው እምነት ከዚህ የከፋ ነው። አንዳንዶች ለአንድ ደንበኛ ብቻ የታሰበን ልዩ ዋጋ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጠው፣ አገናኝ ስላልሰጡት ብቻ የተሰወረ ይመስላቸዋል። መንገድ አለመኖር ግን ቁልፍ አይደለም። አድራሻው በኢሜይል ሲተላለፍ፣ ወይም በሳይትማፕ ውስጥ በራሱ ሲገባ፣ ምሥጢሩ ይወጣል። ምሥጢር የሆነ ሰነድ በይለፍ ቃል ይጠበቅ፤ ከተቻለም በድረ ገጹ ላይ አይቀመጥ።

ዳግመኛ እንዳይደርስ

እርማቱ ከተፈጸመ በኋላ ቆጠራው እንደገና ተደርጎ ውጤቱ ይረጋገጣል። ለተመረጡት ገጾችም በጉግል ሰርች ኮንሶል የምዝገባ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ያሻዋል።

ለወደፊቱ ሦስት ልማዶች ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ አዲስ ገጽ ሲወጣ ከየትኞቹ ሁለት ነባር ገጾች እንደሚጠቆም አስቀድሞ መወሰን ነው። ሁለተኛው፣ ድረ ገጹን ከሚያድስ ባለሙያ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ፣ የቀድሞዎቹን አድራሻዎች ሙሉ ዝርዝርና የእያንዳንዱን ዕጣ ፈንታ በጽሑፍ እንዲያስረክብ ግዴታ ማስገባት ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም ይህ ሳይፈጸም ባይከፈል መልካም ነው። ሦስተኛው፣ ቆጠራውን በዓመት ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው፤ አንዱ በሰኔ መጨረሻ ከበጀት ዓመቱ የዕቃ ቆጠራ ጋር፣ ሁለተኛው አዲሱ የቡና ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በመስከረም ሊሆን ይችላል።

ድረ ገጽ ሳይኖረው በቴሌግራም ብቻ የሚሸጥ ባለሱቅም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አለው። ከወራት በፊት የለጠፈው ዕቃ ከአዳዲሶቹ በታች ተቀብሮ፣ ዋጋው ሳይታረም ይቀራል። የዕቃዎቹን ዝርዝር ከየአገናኛቸው ጋር በአንድ መልእክት ጽፎ ከቻናሉ አናት ላይ ቢሰካው፣ ያለቀውንም ቢሰርዝ፣ ደንበኛው ሳይደናገር የፈለገውን ያገኛል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለገጹ ጽሑፍ፣ ለፎቶግራፉና ለትርጉሙ የወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ወጥቷል፤ የቀረው ገዢው እንዲደርስበት ማድረግ ብቻ ነው። በመጋዘኑ ያለውን እያንዳንዱን ኩንታል የሚያውቅ ነጋዴ፣ በስሙ ለዓለም የሚታየውንም እያንዳንዱን ገጽ ማወቅ ይገባዋል።